አራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ

ሽሮው ከወጥ ቤቱ መስኮት ወጥቶ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እየተንገዳገደ ወደ በረንዳው ሲጓዝ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የገመዱ መንኮራኩር ዝጓል። ሽሮው ያለው የሽቦ እጀታ በተበጀለት የበቆሎ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር ወለል የለም፤ ያለው አየር ነው፣ ከአየሩ ሥር ደግሞ የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ፣ የጌቬሬት ሪብካ ነጭ አንሶላ ለበዓሉ ታጥቦ ተሰጥቷል። እሜቴ አሰፋች ከመስኮቱ በኩል ገመዱን ሳቡ። ምራታቸው እንጉዳይም ከበረንዳው በኩል ሳበች። በሁለት ጫፍ ሲጓተቱ ቆርቆሮው ያዘነብላል እንጂ አይራመድም። አንቺ ልቀቂ፣ የለም እርስዎ ይልቀቁ ተባባሉና በመጨረሻ ሁለቱም ተከባብረው ባንዴ ለቀቁት። ወዲያው ከሥር በኩል ጩኸት ተሰማ።

ላላወቀው ሰው ነገሩ እብደት ይመስላል፤ ግን ሥርዓት አለው። እንጉዳይ የወር አበባዋ መጥቶ ጎጆ ወጥታለች። ጎንደር ቢሆን ምን ችግር ነበር? ጎጆው ከመንደሩ ዳር ተሠርቶ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበት ይጠብቃታል፤ ምግቧን ሰው ከድንጋዩ ወዲህ ሆኖ በዕቃዋ ላይ ይገለብጥላታል፤ ሰባት ቀኗን ስትጨርስ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ወደ ቤቷ ትገባለች። በአይሁድ አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ላይ የተሰጣቸው ቤት ግን ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ በረንዳ ነው፤ መንደር ዳር የሚባል ነገር የለውም። ቤቱን ያስረከባቸው ሰውዬ ጋዙን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ የመብራት ማጥፊያውን ሁሉ አሳይቶ ጥያቄ አላችሁ ወይ ሲላቸው፣ እሜቴ አሰፋች የሴቶቹ ጎጆ የት እንደሆነ አስጠየቁት። ሰውዬው ዕቃ ማስቀመጫ የፈለጉ መስሎት ከደረጃው ሥር ያለችውን ጨለማ ጥግ አሳያቸው። እንጉዳይ የመጀመሪያውን ወር እዚያ ከሰው ብስክሌትና ከተሰበረ የሕፃን ጋሪ ጋር ተኛች። የሚወጣው የሚወርደው እያያት ይደነግጣል፤ አንዷማ ለማኝ መስላት ሳንቲም ወርውራላት ሄደች። ጎረቤቶቹ በወጣች ማግስት ለጥጓ በርና ቁልፍ አበጁላት። እንጉዳይም ያን ዕለት ማለች፦ ጎጆዬን በገዛ እጄ እሠራለሁ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አዲስ የገባ ሁሉ ፍሪጁን ተቀብሎ ካርቶኑን ሲጥል እሷ አልጣለችም ነበር፤ የራሷንና የጎረቤቷን የስንዱን ካርቶን አቁማ ግድግዳ አደረገችው። ኪርያት ማታሎን ሠፈር ወለል የምትጠርግበት ፋብሪካ አጠገብ የመስኮት መዝጊያ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ የተበላሸውን የፕላስቲክ ርብራብ ከደጃቸው ይጥላሉ። እሱን በአውቶቡስ ተሸክማ አመጣች፤ ሾፌሩ ምን እንደሆነ ቢጠይቃት በሩ ነው አለችው፣ ሾፌሩም የአውቶቡሱ በር የተነቀለ መስሎት ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ርብራቡን በሲባጎ ሰፋችና ወደ ላይ የሚጠቀለል በር ወጣው። መንገድ ላይ ከተጣለ ምድጃ የመስታወት በሩን ነቅላ መስኮት አደረገችው፤ ሲከፈት ወደ ታች ስለሚተኛ ጠረጴዛም ይሆናል። በድንጋዩ ፈንታ በሳሎኑ በርና በጎጆው መሀል ውሃ የሞሉ የጁስ ጠርሙሶች ደረደረች። ጣሪያው ብቻ አስቸግሯት ነበር፤ የሌሊቱ ጤዛ ካርቶኑን እያለሰለሰ ፊቷ ላይ አወረደባት። ደግነቱ በዚህ ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ የዘንባባ ዛፎቹን ከርክሞ ቅርንጫፉን በየመንገዱ ዳር ከመረው፣ ለወሰደው ሁሉ ይሁን ተባለ። እንጉዳይ ሣር ክዳን የሚያድል መንግሥት እድሜ ይስጠው ብላ መረቀች። ልጇ ሸጋ እየጎተተች አመጣችላት፣ እሷም እንደ አገሯ ከደነችው፤ ብቻ ሳሳ አለና ሰማዩ ያሳያል።

ለማንም የማትናገረው አንድ ነገር አለ፤ ጎጆዋን ትወዳታለች። ሌላውን ቀን ጠዋት የፋብሪካው ናት፣ ማታ የአማቷ፣ በመሀል የልጇና የባሏ። ጎጆ ስትወጣ ግን ድስት አትነካም፣ መጥረጊያ አትነካም፣ ማንም ነይ አምጪ አይላትም። እሜቴ አሰፋች ያበስላሉ፤ ጨው ይረሳሉ እንጂ ያበስላሉ። በረዥም ጭልፋ ከመስኮቱ ሆነው ቆርቆሮው ሳይነካቸው ይገለብጡላታል፣ ገመዱ ያደርስላታል። የገመዱን ንጽሕና ማንም አልጠየቀም፤ ቢጠየቅ ሁሉም ስለሚራብ። ባሏ ታከለ ደግሞ ቤት የለም። ኢየሩሳሌም ነው፤ ነጭ ለብሶ ከወገኖቹ ጋር የሃይማኖቱ አለቆች የራባኖቹ ደጅ ተቀምጧል፤ ይሁዲነታችሁ ይጣራና እንደገና ተጠመቁ ቢባሉ እምቢ ብለው ነው። ስለዚህ የዛሬው ቀን፣ የቤቱ ግማሽ ራባን ደጅ፣ ግማሹ በረንዳ ላይ ነው።

ጌቬሬት ሪብካ አንሶላዋን ይዛ ከሥር ጮኸች፣ ሸጋም ከመስኮቱ ተንጠልጥላ አዳመጠች። ሸጋ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ከእግሯ ይቀድማል፣ በአማርኛ ሲያናግሯት እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፣ መጥፎ ወሬ ሲሆን ብቻ አማርኛዋ ይጣፍጣል። ሪብካ ያለችውን እንዲህ ብላ አመጣችው፦ ከጭንቅላቴ በላይ የቆርቆሮ ሠፈር ሠሩብኝ፣ ወጣቸው ዘነበብኝ፣ ለኢሪያ ደውያለሁና ፓካኹ ዛሬ በዓሉ ሳይገባ መጥቶ ያፈርሰዋል። ኢሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ፓካኽ ደግሞ ያለ ፈቃድ የተሠራ የሚያስፈርሰው ተቆጣጣሪ። የሪብካ የራሷ በረንዳ በመስታወት ተዘግቶ ወጥ ቤት ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬም በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ የዳረውን ልጁን አስገብቶበታል። የነሱ መስታወት ስለሆነ አይታይም መሰል፤ የእንጉዳይ ካርቶን ግን ከማዘጋጃ ቤት ድረስ ይታያል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ እሜቴ አሰፋች ጭልፋቸውን እንደያዙ። ቀጥለውም፣ ጎጆው ፈርሶ ምራታቸው ሳትነጻ ቤት ከገባች፣ እሳቸው ጨርቃቸውን ይዘው አፉላ ወዳለው ልጃቸው እንደሚሄዱ ተናገሩ። እንጉዳይም ብትሆን አትገባም፤ እናቷ ያልገባችበትን፣ አያቷ ያልገባችበትን እሷ በምን አንጀቷ? ታዲያ ወዴት ትሂድ? የደረጃው ሥር ተቆልፏል። መንገድ ላይ አልጋ አይዘረጋ። በምድጃው መስታወት ፊቷን አስጠግታ መንገዱን ታይ ጀመር፣ ፓካኽ ምን እንደሚመስል ባታውቅም።

ያኔ ነው ያየችው። ከፊት ለፊቱ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው እንጨት ያቆማል፣ ጨርቅ ይወጥራል። ምን ሊሆን ይችላል ስትል፣ ከጎኑ ሌላው። ታች ግቢው ውስጥ ትልቅ። ከሱቁ ጀርባ ትንሽ። ጣሪያው ሁሉ ዘንባባ፣ እንደ እሷው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ዘንድሮ ደግሞ ጉዱ ከጠባም በኋላ አላለቀም። ስታስብ ስታስብ ገባትና እጇን በአፏ ጫነች፦ ለካ እነዚህም ጎጆ አላቸው! ስንት ጊዜ ስታማቸው ከረመች፤ ሴቶቻቸው ወራቸውን ከነጭራሹ አያከብሩም፣ ቤታቸው ሁሉ የረከሰ ነው ስትል። ለካ የሚሠራው ሲደርስ ነው። ደግሞ እኮ ባሎቹ ናቸው የሚሠሩት፣ መዶሻ ይዘው፣ አፋቸው ውስጥ ምስማር ጎርሰው! ታከለ አንድ ጠርሙስ እንኳን ውሃ ሞልቶ አላቀበላትም።

ወሬውን በመስኮቱ በኩል ለአማቷ አደረሰች። እሜቴ አሰፋች አንገታቸውን አስግገው ቆጠር ቆጠር አደረጉና፣ የከተማው ሴት ሁሉ ወሩ ባንድ ቀን እንዴት ይመጣል ብለው ተጠራጠሩ። እንጉዳይ ለዚህም መልስ አላጣችም። እዚህ አገር ሁሉ ነገር በቶር፣ በቀጠሮ ወረፋ ነው፤ ዶክተሩ በቶር፣ ባንኩ በቶር፤ ቀኑን ቆርጠው ሰጥተዋቸው ይሆናል፤ ለእኛ ገና ወረቀቱ አልደረሰን ይሆናል አለች። አማቷ ይህን ሲሰሙ ነገሩ ልክ መሰላቸው፤ መንግሥት ያንን ካወቀ ምን የማያውቀው አለ ብለውም ተደነቁ። ሸጋ ሶፋው ላይ ተጋድማ ይህንን ሁሉ ትሰማለች። በዓሉ የዳስ በዓል መሆኑ በትምህርት ቤት ተነግሯታል፤ በአገራቸው በዚህ በዓል ጸሎት ይደረጋል እንጂ ዳስ እንደማይሠራ፣ አምና በዚህ ጊዜ ሱዳን በረሃ ስለነበሩ እናቷ ይህን አይታ እንደማታውቅ ገብቷታል። በአንድ ቃል ልታስረዳት ትችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሳቅ በነጻ ከየት ይገኛል? ትራሱን ነከሰች።

እንጉዳይ ግን ማየቷን አላቆመችም። ልጆች ባለ ቀለም ወረቀት በየጎጆው ሲሰቅሉ፣ መብራት ሲያንጠለጥሉ አየችና ትንሽ ቅናት ያዛት። እሷም ከካርቶኑ ግድግዳ ላይ የቀይ ሽንኩርት ጉንጉን፣ ሁለት ሮማንና አንድ አሮጌ የአንገት ልብስ ሰቀለች፤ ጎረቤት ካስጌጠ እሷ ከማን ታንሳለች? ከዚያ ፊት ለፊት ያለው ወፍራሙ ሾፌር ጠረጴዛ ተሸክሞ ወደ ሚስቱ ጎጆ ገባ። ወንበር አስገባ። ቀጥሎ ራሱ ገባና ተቀመጠ፣ ሐብሐብ ቆርሶም በላ። እንጉዳይ ዓይኗን ሸፈነች። አሁንስ ሰማይ ተደፋ።

በሩ ተንኳኳ። ፓካኹ የሞተር ብስክሌት ቆብ በብብቱ ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ ገባ፤ ወደ ቤቱ ለበዓሉ የሚቸኩል ሰው ነው። ከኋላው ሪብካ በነጠላ ጫማ ተከተለች። ሰውዬው ሳሎኑን አቋርጦ ከጠርሙሶቹ ፊት ቆመና ካርቶኑን አየ፣ ርብራቡን አየ፣ የምድጃውን በር ሁለት ጊዜ አየ። እንጉዳይ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ዓይኑን ታየዋለች፤ ቤቷን በዓይኑ ሲያፈርሰው ይታያታል። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ የካርቶኑን ጥግ ነቅነቅ አደረገ። የዘንባባው ቅጠል አናቱ ላይ ወደቀ። ቅጠሉን አንስቶ ወደ ላይ ተመለከተ። ያን ጊዜ ሸጋ ከሶፋው ተነሣች።

«ሱካ ነው» አለች።

«ሱካ?»

«ሱካ ነው እንጂ ሌላ ምን ይመስላል?»

የበዓሉ ዳስ ሱካ ይባላል፤ በዓል በሚገባበት ቀን ሱካ ያፈረሰ ሰው ፔታ ቲክቫ ውስጥ ዳግመኛ ዳቦ የሚሸጥለት አያገኝም። የፓካኹ ፊት ወዲያው በራ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሪብካ አልቻለችም፤ ምን ሱካ ነው፣ ከበጋው ጀምሮ እዚህ ተገትሯል አለች። ሸጋም ዓይኗን ሳትሰብር፣ የመጀመሪያችን ስለሆነ ቸኩለን ነው አለቻት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን የታችኛው ምኩራብ አስተዳዳሪ፣ ጋባዩ አዶን ዘካርያ፣ አቶ ዘካርያ ማለት ነው፣ በዚያው ሰዓት ደረጃውን ይወጣሉ፤ የየመን ሰው ናቸው፣ ጺማቸው ነጭ፣ ዳስ የሌለውን ሁሉ ግቢው ውስጥ ወዳለው ትልቁ ሱካ እየጠሩ በየቤቱ ያንኳኳሉ። ሱካ የሚለውን ቃል ከበሩ ሰምተው ገቡ። ካርቶኑን፣ ሮማኑን፣ ሽንኩርቱን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እነዚህን ሰዎች ነው እንዴ ይሁዲነታቸው ይጣራ የሚሏቸው፣ ከእኔ ቀድመው ሠርተው የለም ወይ አሉ፤ ፓካኹንም ሪብካንም በተራ እያዩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካከሉና፣ የዚህ ቤት ሱካ ውስጥ ገብቼ ሳልቀመጥ አልሄድም ብለው ወደ ጠርሙሶቹ አመሩ። የሸጋ ሳቅ አፏ ውስጥ ደረቀ። ወደ ምድጃው በር ጎንበስ ብላ በአንድ ትንፋሽ ለእናቷ ሹክ አለቻት፦ የሠፈሩ ሁሉ ዳስ የበዓል ነው፣ የሴት አይደለም፣ ያንቺንም የበዓል ነው ብዬ አዳንኩት፣ ሰውዬው አሁን ሊገቡ ነው።

«ማን ነው የሚገባው?» አለች እንጉዳይ።

«ሽማግሌው። ዝም በይ እማዬ፣ ዝም ካልሽ ተረፍሽ።»

እንጉዳይ አሰበች፤ ለማሰብ የተሰጣት ጊዜ ግን የሽማግሌው አንድ እርምጃ ነው። ዝም ብትል ጎጆዋ ይቆማል፣ ጎረቤትም ያከብራቸዋል፤ ያ ጺም ያለው የእግዚአብሔር ሰው ግን ሳያውቅ ረክሶ በዚያው እጁ የበዓሉን እንጀራ ሊባርክ ነው። ብትናገር ጎጆው ሱካ መሆኑ ይቀራል፣ ፓካኹም ወረቀቱን ከኪሱ ያወጣል። እሜቴ አሰፋች ዕብራይስጡን ባይሰሙም የሚሆነው ገብቷቸው ጭልፋውን እንደ ጦር አጋድመው ሽማግሌው ፊት ቆመው ነበር፤ አዶን ዘካርያ ግን ለበዓል የሚሸልሉ መስሏቸው ፈገግ ብለው እግራቸውን ከጠርሙሱ በላይ አነሱ። እንጉዳይ ከዕብራይስጥ ጥቂት ነው የምታውቀው፤ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ ሳሙና፣ ባልዲ፣ ደግሞ ገና እንደመጡ ሴቶቹን ሰብስበው ካስተማሯቸው ውስጥ አንዲት ቃል። የርብራቡን በር ሳትከፍት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አኒ ኒዳ» አለች፤ የወር አበባዬ ላይ ነኝ ማለቷ ነው።

ሳሎኑም ሰማ፣ ደረጃውም ሰማ፤ ፊት ለፊት ያለው ሾፌር እንኳን ሐብሐቡን አስቀመጠ። የአዶን ዘካርያ እግር አየር ላይ ቀረ። እየቀሉ፣ ግድግዳ እየያዙ፣ እግራቸውን በመጣበት መንገድ በጥንቃቄ መልሰው አሳረፉት። ፓካኹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሸጋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር፤ ከሥሯ ያለው ግን የሪብካ ሳሎን ነው።

አዶን ዘካርያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ በየመን የሴት አያቴ የወር ማረፊያ ለብቻው ነበር፣ እሷም ከዚያ ውስጥ ሆና ቤቱን በሙሉ ታዝ ነበር፣ ከመጣን ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አላየሁም አሉ። ፓካኹ ግን የመንግሥት ሰው ነው፤ ታዲያ ሱካ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ጺማቸውን ይዘው ግድግዳውን መረመሩ፣ በዘንባባው መሀል ሰማዩን አዩ፣ ለጥቂት ጊዜም አሰቡ። «ሱካ ነው» ብለው ፈረዱ፤ «ሰው ይዞታል እንጂ ሱካ ነው።» ፓካኹም እንግዲህ ከበዓሉ በኋላ እመለሳለሁ አለ። በዚህ አገር ከበዓሉ በኋላ እመለሳለሁ ያለ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ ፈጣሪም ቢሆን እርግጠኛ አይመስልም።

ሪብካ ብቻ አልሄደችም። በሩን ተደግፋ ሸጋን ትጠይቃት ጀመር። እናትሽ እዚያ ውስጥ ምን ትሠራለች? ምንም። ምግብስ ማን ያበስላል? አያቴ። ዕቃውን ማን ያጥባል? እኔ። ባሏስ? አይገባም። ልጅስ? አይገባም። እስከ መቼ? ሰባት ቀን፣ በየወሩ። ሪብካ በረንዳውን ስታይ ቆየችና ወደ ቤቷ ወረደች። ሸጋ ሌላ ስልክ ልትደውል ነው ብላ ፈራች።

በዓሉ ሲገባ አዶን ዘካርያ እሜቴ አሰፋችንና ሸጋን ወደ ግቢው ዳስ ሰው ልከው አስጠሩ። እሜቴ አሰፋች ወንድና ሴት ባንድ ጎጆ ተቀምጦ የሚበላበት ቦታ አልሄድም ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ነጠላቸውን አንስተው ተነሡ። «ልጄን ኢየሩሳሌም ላይ እያጣሩት የለ? እኔም እነዚህን ወርጄ ላጣራቸው» አሉ። ሸጋን አስከትለው፣ ፊታቸውን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርገው ወረዱ።

እንጉዳይ ብቻዋን ቀረች። በየበረንዳው ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይዘፍናል፤ አማት ከምራት፣ ልጅ ከአያት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ አንዱ ሳህን ሲያቀብል የሌላውን ብርጭቆ ይደፋል። በከተማው ካለው ዳስ ሁሉ እግር የሚዘረጋበት የእሷ ብቻ ነው። እግሯን ዘርግታ በዘንባባው መሀል ጨረቃዋን ስታይ ሳሎኑ ውስጥ የሰው ኮቴ ሰማች። ሪብካ ናት። በአንድ እጇ ትራስ፣ በሌላው በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ፣ የበዓል ቀሚሷ ላይ ሽርጥ እንዳሰረች። ከታች ቤቷ ሲታወክ ይሰማል፤ አንዱ ልጇ ከጊቫት ሽሙኤል፣ ሌላው ከጋኔይ ቲክቫ ሚስትና ልጆቹን ሁሉ ጭኖ መጥቷል።

ሪብካ በእጇም በአፏም ጠየቀች፤ ለመግባት ትፈልጋለች። እንጉዳይ ደነገጠች። ሪብካን ይህ ነገር በዕድሜዋ አልፏታል፤ ደግሞም የገባች እንደሆነ አብራ ትረክሳለች። ሥርዓት ነውና በአንድ ጣቷ እያሳየች፣ በምታውቃቸው ጥቂት ቃላት አስጠነቀቀቻት። እዚህ ከገባሽ ወደ ወጥ ቤት መመለስ የለም። ድስት መንካት የለም። ሳህን ማጠብ የለም። ባል ቢጠራ መሄድ የለም። ሪብካ እያንዳንዱን ክልከላ ስጦታ እንደሚቀበል ሰው አንገቷን ዝቅ እያደረገች «በሰደር፣ በሰደር» አለች፤ እሺ፣ እሺ ማለቷ ነው። እንጉዳይም በሩን ጠቀለለችና አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

ተቀምጠው ገና ሳህኑን ሳይከፍቱ፣ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት የሪብካ ልጅ ድምፅ እናቱን ኢማ፣ ኢማ፣ ሹካዎቹ የት ናቸው እያለ ተጣራ። እንደገና ተጣራ። ሪብካ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከእንጉዳይ እግር ጎን ዘረጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ሰባት ቀን ነው ያላችሁት አይደል?»